እህቴ ለእማዬ አንድ ሻንጣ ጥቁር ቸኮሌት አመጣችላት፤ ለግፊት መድኃኒት ነው ትላለች

የሽሮሜዳዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ግፊት ከያዛት አስራ አንድ ዓመት አልፏታል፣ በቀን አንድ አምሎዲፒን ትወስዳለች። ስኳሯም ድንበር ላይ ነው ተብላለች፤ ለእሱ ግን መድኃኒት አልተጀመረላትም፣ በምግብ ተጠንቀቂ ብቻ ነው የተባለችው። ባለፈው ወር እህቴ ከሜሪላንድ መጣች። ሻንጣዋ ሲከፈት ግማሹ ጥቁር ቸኮሌት ነው። 70 ፐርሰንት የሚል አለ፣ 85 የሚል አለ፣ የባሕር ጨው የተነሰነሰበትም አለ። ለግፊት በሽተኛ፣ ጨው! "እማዬ ይሄ እኮ ለግፊት መድኃኒት ነው፣ እዚያ ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው የሚበሉት" አለቻት። እማዬ ደግሞ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ነገር ሁሉ ጠበል ነው የሚመስላት። ጠዋት ሁለት ቁራጭ፣ ማታ ሁለት ቁራጭ፣ ልክ እንደታዘዘላት።

ትናንት ኪኒኗን ስቆጥር ከሚገባው በላይ ተርፏል። "እማዬ ምንድነው ይሄ?" ስላት "ልጄ፣ ሁለት መድኃኒት ባንዴ ሰውነት ላይ ይከብዳል፤ አንዱን ቀን በቀን አሳርፌው ነው" አትለኝም! ስትለካ 165 በ95። እህቴ ጋ ደውዬ ስነግራት "ጥናት አለ፣ አንቺ አታነቢም" ብላ አንድ ሺህ ሊንክ ላከችብኝ። ተኮራርፈናል።

እና እናንተ የምታውቁ ንገሩኝ። ቸኮሌት ግፊት ያወርዳል ወይስ አያወርድም? ካወረደስ ምን ያህል? እህቴን የማሳምንበት ነገር ስጡኝ። ወይም እኔ ከተሳሳትኩ እኔን አሳምኑኝ።

ጌች ሳሪስ፦

እናታችንን እግዜር ይማርልን። ግን ሳቄ መጣ፣ ይቅርታ። የአክስቴን ቤት ታሪክ ልንገርሽ። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ነበር፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ከዚያ ጥቁር አዝሙድ። ከዚያ ሽፈራው መጣ፣ ሻይ ላይ፣ ወጥ ላይ፣ ያልነሰነሰችበት የለም። አምና ደግሞ ቀይ ሥር በጁስ። ቢያንስ የእናንተው ይጣፍጣል።

ከመድኃኒት ቤት፦

የሽሮሜዳዋ፣ ፋርማሲስት ነኝ። ቸኮሌቱን ለጊዜው ተይውና ኪኒኑ ዛሬውኑ ይመለስ። የተዘለለውን ለማካካስ ብለው ግን ሁለት ባንዴ እንዳይውጡ፣ በተለመደው ሰዓት አንድ ብቻ። 165 በ95 ከቀጠለ የሚከታተሏቸው ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፤ ራስ ምታት ከበረታ፣ ደረት ከያዛቸው፣ አፍ ወይም እጅ ከከዳቸው ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያወርዳል፣ ውሸት አይደለም። ምን ያህል የሚለው ላይ ነው ነገሩ። ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ተቋም በፈረንጆቹ 2017 ዓ.ም 35 ሙከራዎችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ፍላቫኖል የሚባለው የካካዎ ፍሬ ንጥረ ነገር የበዛበት ኮኮዋ ወይም ቸኮሌት የወሰዱት ሰዎች ግፊታቸው በአማካይ የወረደው ከ2 በታች ነው። ሁለት እንኳ አይሞላም። ከ165 ላይ ሁለት ስትቀንሺ 163 ነው፤ እናትሽ መለኪያው ላይ ልዩነቱን አያዩትም፣ ከደረጃ ወጥተው ሳያርፉ ቢለኩ ራሱ ከዚያ በላይ ይወዛወዛል። አንድ የግፊት ኪኒን የሚያወርደው የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። እነዚያ ሙከራዎች አብዛኞቹ የቆዩት ደግሞ ለሳምንታት ነው። እናትሽ ከግፊት ጋር የሚኖሩት ዕድሜ ልካቸውን ነው።

በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ ላክልበት። ሰው ኪኒኑን የሚተወው ስለሚጠላው ብቻ አይደለም። ግፊት አያሳምምም። "ደህና ነኝ እኮ" ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ምንም አይሰማውም። ከዚያ አንድ ቀን ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ይለዋል። እናትሽን "ለምን ተውሽው" ብለሽ አትቆጫቸው። እሳቸው እኮ አልተዉትም፣ በሌላ መድኃኒት የተኩት ነው የመሰላቸው።

የሽሮሜዳዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ኪኒኑ ተመልሷል፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምሰጣት። "ትናንት ተወለድሽና ዛሬ ሐኪም ሆንሽ" እያለችኝ ዋጠች።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ደግሞ እህትሽን ልከላከልላት ነው። እዚህ አሜሪካ ያለነው ከመሬት ተነስተን አናወራም። በታኅሣሥ 2024 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የሃርቫርድ ጥናት አለ። ወደ 192 ሺህ የሚጠጋ ሰው ለብዙ ዓመታት ተከታትለው፣ በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጥቁር ቸኮሌት የሚበሉት ሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ21 ፐርሰንት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ኮስሞስ የሚባል ትልቅ ሙከራም አለ፣ ከ21 ሺህ ሰው በላይ የተሳተፈበት፤ እዚያ ላይ በልብና በደም ሥር በሽታ የሚሞተው ሰው በ27 ፐርሰንት ቀንሷል። 27! ይሄ ቀላል ነው? እህትሽ እናቷን ስለምትወድ ነው ይዛ የመጣችው፣ ሻንጣዋ ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀርታ። እኛ ሃበሾች ደግሞ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ሲሆን ማጣጣል እንወዳለን።

ነጭ ጋዋን፦

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቁጥሮችህ ልክ ናቸው። ያላልካቸው ነገሮች ግን አሉ። ሥነ ምግብ አስተምራለሁ፣ ኮስሞስን ለተማሪዎቼ ስለምሰጠው እዚህም ልዘርዝረው፣ ይረዝማል።

ኮስሞስ ላይ ማንም ሰው ቸኮሌት አልበላም። እንክብል ነው የዋጡት። ከኮኮዋ የወጣ 500 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል በቀን፣ ስኳር የለው፣ ቅባት የለው። ግማሹ ሰው ደግሞ ባዶ እንክብል ነው የዋጠው፣ ማን የትኛውን እንደዋጠ ሳያውቅ። ሙከራው ሲጀመር "ዋናው ጥያቄያችን ይሄ ነው" ብለው ያስቀመጡት የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክ፣ የደም ሥር ቀዶ ሕክምናና የመሳሰለው ሁሉ ተደምሮ ይቀንሳል ወይ የሚለው ነበር። በ2022 ውጤቱ ሲወጣ በ10 ፐርሰንት ቀንሷል፣ ግን በአጋጣሚም ሊመጣ ከሚችለው አልተለየም። አንተ የጠቀስከው 27 ፐርሰንት ከዋናው ጥያቄ ውጪ በተጓዳኝ ካዩዋቸው አንዱ ነው። ተስፋ ይሰጣል፣ ይጠና ያሰኛል። መድኃኒት ግን አያስጥልም። ገንዘቡን በከፊል የሰጠው ደግሞ ማርስ ነው፣ የቸኮሌት ኩባንያው። ያ ብቻውን ጥናቱን ውሸት አያደርገውም፣ ሥራው በደንብ የተሠራ ነው፤ ግን ማወቅ ጥሩ ነው።

የሃርቫርዱ ደግሞ ሙከራ አይደለም፣ ክትትል ነው። ሰዎቹ የሚበሉትን ራሳቸው ይሞላሉ፣ ተመራማሪው ቆጥሮ ያወዳድራል። ጥቁር ቸኮሌት አዘውትሮ የሚበላ ሰው ማን ነው ብለህ አስብ። ብዙ ጊዜ ስለ ጤናው የሚጨነቅ፣ የሚራመድ፣ ገንዘብም ያለው ነው። ይሄን በሒሳብ ለማስተካከል ይሞክራሉ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጸዳም። ደግሞ የዚያው ጥናት ሌላኛው ግማሽ ሲነበብ አይሰማም፦ ባለ ወተቱ ቸኮሌት ለስኳር በሽታ ምንም ጥቅም አልታየበትም፣ አብዝተው የበሉት በጊዜ ብዛት ወፍረዋል።

ሌላው የሚያሳስተው ማሸጊያው ላይ ያለው ፐርሰንት ነው። 85 ማለት 85 ፐርሰንቱ ከካካዎ ፍሬ የመጣ ነው ማለት ነው፣ የፍሬው ቅባት ጭምር። ፍላቫኖሉ ምን ያህል እንደቀረ አይነግርሽም። ፍሬው ሲብላላ ይቀንሳል፣ ሲቆላ ይቀንሳል፤ ምሬቱ እንዲለዝብና እንዲጠቁር አልካሊ በሚባል የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ነገር ከታጠበ ደግሞ አብዛኛው ይጠፋል። መልኩ በጣም የጠቆረውና ጣዕሙ የለሰለሰው ብዙ ጊዜ የታጠበው ነው። የሽሮሜዳዋ፣ ማሸጊያውን አዙሪና አልካሊ የሚል ቃል ፈልጊ።

ሒሳቡ ደግሞ ይኸው። 100 ግራም ከ70 እስከ 85 የሆነ ጥቁር ቸኮሌት ወደ 600 ካሎሪ ነው፣ ስኳሩ 24 ግራም ገደማ። ባለ ወተቱ ስኳሩ ወደ 50 ይጠጋል። እናትሽ በቀን አራት ቁራጭ ይበላሉ፣ አንዱ 10 ግራም ቢሆን 40 ግራም ሆነ፤ 240 ካሎሪና 10 ግራም ስኳር። ሌላው ምግብ ካልቀነሰ ይሄ በወር ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነው። ስኳራቸው ድንበር ላይ ላለ ሰው ጨርሶ የማያስፈልጋቸው ነገር ክብደት ነው፤ ክብደቱ ራሱ ግፊቱንም ይዞት ይወጣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እንክብል መሆኑን አላውቅም ነበር። ዜናው ላይ የቸኮሌት ፎቶ ነበር ያለው።

ነጭ ጋዋን፦

ሁሌም የቸኮሌት ፎቶ ነው።

ጋሽ ጡረታ፦

ልጆቼ፣ የሒሳብ መምህር ነበርኩ፣ ይቺን ነገር ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። በፈረንጆቹ 2012 ፍራንዝ ሜሰርሊ የሚባል ሐኪም ታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ግራፍ አወጣ። በአንድ በኩል አገሮች በነፍስ ወከፍ የሚበሉት ቸኮሌት፣ በሌላ በኩል ከሕዝባቸው ብዛት አንጻር ያገኙት የኖቤል ሽልማት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ስዊዘርላንድ አናት ላይ። እንግዲህ ልጆቻችሁ ኖቤል እንዲያገኙ ቸኮሌት አብሏቸው ማለት ነው? ሰውዬው ነገሩን በቀልድ ለውሶ ነው የጻፈው፣ የዓለም ጋዜጣ ግን በቁም ነገር አራገበው። ሀብታም አገር ቸኮሌትም ይገዛል፣ ላቦራቶሪም ይገዛል። ይኸው ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በፈረንጆቹ 2015 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ደካማ ጥናት ሠራ። 15 ሰው ብቻ፣ ሦስት ቦታ ተከፋፍለው፣ ብዙ ነገር ለክቶ አንዱ በአጋጣሚ እንዲመታለት። መታለት! "ቸኮሌት ያከሳል" ብሎ ገንዘብ ከፍሎ መጽሔት ላይ አሳተመው፣ በየአገሩ ያሉ ጋዜጦች ተቀባብለው አወጡት። ከዚያ ራሱ ወጥቶ ስንት ሰው ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም ማለት ይቻላል አለ። እኔ ተማሪዎቼን ሠላሳ ዓመት ስንት ሰው ነው በሉ ስል ነው የኖርኩት።

የሽሮሜዳዋ፦

ጋሼ፣ ይሄን ለእህቴ ልኬላታለሁ። አንብባዋለች፣ መልስ የለም።

ጌች ሳሪስ፦

ቸኮሌት ያከሳል ብሎ ያመነ ሰው ግን አልነበረም አትሉኝም፣ እኔ አምኜ ነበር።

ወለተ ማርያም፦

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ጥቁሩ ጾም ነው አይደለም? አንዱ ማሸጊያ ላይ "ኮኮዋ በተር" የሚል አይቼ መለስኩት። ቅቤ ነው ብዬ።

ከመድኃኒት ቤት፦

እህቴ፣ የካካዎ ቅቤ ከላም ጋር አይገናኝም። የራሱ የፍሬው ዘይት ነው፣ እንደ ሰሊጥ ዘይት በይው። የምትፈልጊው "ሚልክ" የሚል ቃል ነው፤ የወተት ዱቄት፣ የወተት ቅባት፣ ዌይ የሚባለው የአይብ ውሃ ዱቄት። ጥቁር ተብሎም ወተት የሚገባበት አለና በቀለሙ አትፍረጂ። ነጩ ቸኮሌት ደግሞ የካካዎ ቅባት፣ ስኳርና ወተት ነው፤ ቡናማው ክፍል ጭራሽ የለበትም፣ ስለዚህ ጾምም አይደለም፣ ስለ ፍላቫኖልም አይነሳም።

ወለተ ማርያም፦

"የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል" የሚለውስ?

ከመድኃኒት ቤት፦

ያ ባለ ወተቱ ቸኮሌት በተሠራበት ማሽን ስለሚሠራ ነው፣ ለአለርጂክ ሰዎች የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ። ወተት አለርጂ ላለበት ሰው ቀልድ አይደለም፣ እንዳይነካው። ጾሙን በተመለከተ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ፣ እኔ እዚያ አልገባም።

ጌች ሳሪስ፦

ይቅርታ፣ ግን ዐቢይ ጾም ላይ ሙሉ ቸኮሌት እየበሉ ጾምኩ ማለት ራሱ...

ወለተ ማርያም፦

ጌች፣ አንተ መጀመሪያ ጹም።

ነታንያ፦

ሰላም፣ ከእስራኤል ነኝ። አባቴ ከጎንደር ገጠር ሲመጣ ስኳር የሚባል በሽታ በስም አያውቅም ነበር። ቀጭን፣ ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ሰው። እዚህ መጥቶ አስር ዓመት ሳይሞላው ያዘው። ቸኮሌት ብቻ አይደለም ጥፋተኛው፣ ነጭ ዳቦውም አለ፣ ጁሱም አለ፣ መቀመጡም አለ። ግን ቤታችን የገባው የመጀመሪያ "የፈረንጅ ምግብ" በዳቦ የሚቀባው ቸኮሌት ነበር። እኛ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይዘነው እንሄዳለን፣ እሱ ማታ የተረፈውን ይጨርሰዋል። "ለልጆች የተሰጠ ነገር ምን ይጎዳል" ይል ነበር።

ከ2020 ጀምሮ እዚህ ስኳር፣ ጨው ወይም የረጋ ቅባት የበዛበት ምግብ ላይ ቀይ ምልክት ግዴታ ነው። ያ የሚቀባው ቸኮሌት ከፊት ለፊቱ ቀይ ክብ ይዞ መጣ። አባቴ ዕብራይስጥ ማንበብ ይቸግረዋል፣ ቀይ ክቧን ግን አወቃት። ሱቅ ስንገባ "ይሄ ቀይ መብራት ነው" ብሎ ይመልሰዋል። ሐኪሙ ዓመት ሙሉ ነግሮት ያልሰማውን አንድ ምልክት አሰማችው። አገር ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር ቢኖር ለእናቶቻችን ይጠቅማል እላለሁ።

ድሬ ሙቀት፦

እኛ ጋ ቸኮሌት የሚበላው በማንኪያ ነው 😂 አንድ ጥያቄ አለኝ። አጎቴ ከዱባይ በካርጎ የላከው ቸኮሌት ሲደርስ ላዩ ነጭ ነጭ ብሏል። ሻግቷል ብላ እናቴ ልትጥለው ነው።

ዱባይ ዴይራ፦

አትጣሉት! ሻጋታ አይደለም። ሙቀት ሲነካው ቅባቱ ቀልጦ ወደ ላይ ይወጣና ሲቀዘቅዝ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጣዕሙና ልስላሴው ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም። እርጥበት አግኝቶት ስኳሩ ወጥቶ ነጭ የሚሆንም አለ። ጸጉር ያለው ነገር ካያችሁ፣ ወይም መጥፎ ከሸተተ ግን ጣሉት።

ከዚህ ስለምታስልኩት ነገር ግን አንድ ልበል። አሁን ሁሉም "የዱባይ ቸኮሌት ላኪልኝ" ነው፤ ያ ፒስታቺዮ የሚባለው ለውዝና ኩናፋ የሚባለው እንደ ክር የቀጠነ ሊጥ የተሞላው፣ ቲክቶክ ላይ ሲሰበር የሚጮኸው። የምሠራበት ቤት ያሉት ልጆች በየቀኑ ይበሉታል። ውስጡ ያለው በዘይት ወይም በቅቤ የተጠበሰ ኩናፋ፣ የተጣፈጠ የፒስታቺዮ ክሬም፣ ላዩ ብዙ ጊዜ ባለ ወተት ቸኮሌት ነው። በዓል ነው፣ ሠርግ ነው፣ ብሉ። ለጤና ብሎ የሚያዝ ሰው ካለ ግን እኔ አልልክም።

ቦሌ ሱቅ፦

ሱቅ አለኝ፣ ቸኮሌት እሸጣለሁ፣ ያም ሆኖ እውነቱን ልናገር። እዚህ ርካሹ "ቸኮሌት" አብዛኛው ቸኮሌት አይደለም። የካካዎ ቅባቱ ወጥቶ የፓልም ዘይት ገብቶበታል። አፍ ላይ ሳይቀልጥ እንደ ሻማ ላንቃ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ካካዎ እንደምታውቁት ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው፤ እዚያ ምርቱ በበሽታና በአየር ጸባይ ሲበላሽ በ2024 መጨረሻ ላይ ዋጋው በቶን ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ገብቶ ነበር። ፋብሪካው ምን ያደርጋል? ካካዎውን ይቀንሳል፣ ዘይትና ስኳር ይጨምራል፣ ወይም ማሸጊያው ያው ሆኖ ውስጡ ያንሳል። ንጥረ ነገር ሲጻፍ የበዛው ነው መጀመሪያ የሚጻፈው። መጀመሪያ ስኳር የሚል ካነበባችሁ ከረሜላ ነው የገዛችሁት።

ጥርጣሬ፦

ማንም ያላነሳው አለ። ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ ጎጂ ማዕድናት አሉ። ኮንሱመር ሪፖርትስ የሚባለው የአሜሪካ ዕቃ መርማሪ ድርጅት በታኅሣሥ 2022 28 ዓይነት ጥቁር ቸኮሌት መርምሮ 23ቱ ላይ፣ አዋቂ ሰው በቀን 28 ግራም ቢበላ ከካሊፎርኒያ መስፈርት የሚያልፍ እርሳስ ወይም ካድሚየም ወይም ሁለቱንም አግኝቷል። መርዝ ነው የምታበሏት!

ነጭ ጋዋን፦

ጥርጣሬ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ "መርዝ" የሚለው ግን በዛ። የካሊፎርኒያ መስፈርት በጣም ጥብቅ ነው፣ ሆን ተብሎ ብዙ ርቀት ተትቶለት የተቀመጠ። አልፎ አልፎ የሚበላ አዋቂ የሚያስደነግጠው አይደለም። ግን ነገሩ እውነት ነው፣ ምክንያቱም ይታወቃል፦ ካድሚየም ከአፈሩ በዛፉ ሥር በኩል ፍሬው ውስጥ ይገባል፤ እርሳስ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ሜዳ ላይ ሲደርቅ ከሚነካው አቧራና ቆሻሻ ነው። ሁለቱም ያሉት በካካዎው ክፍል ስለሆነ ፐርሰንቱ ሲጨምር እነሱም ይጨምራሉ። የሚገርመውም ይሄ ነው፤ "ለጤና" ብለሽ 85ቱን በየቀኑ ስትበዪ ከሌላው ሰው የበለጠ የምትወስጂው አንቺ ነሽ። እርጉዞችና ትንንሽ ልጆች በየቀኑ ባይበሉት ይሻላል። አውሮፓ ከ2019 ጀምሮ ለካድሚየሙ ገደብ አላት።

የመጀመሪያዬ ነው፦

እርጉዝ ስትሉ ሰማሁ። ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ ባለቤቴ ጥቁር ቸኮሌት ብረት አለው ብሎ ይገዛልኛል። እውነት ነው?

ነጭ ጋዋን፦

እንኳን ደስ አለሽ። ብረትማ አለው፣ በ100 ግራም ወደ 12 ሚሊ ግራም። ግን ራሱ ካካዎው ውስጥ ያለው ነገር ብረቱ በአንጀት እንዳይገባ ይይዘዋል፣ ሻይና ቡና እንደሚያደርጉት። ከምግብ ጋር ስትወስጂው ደግሞ የሌላውንም ምግብ ብረት ይይዛል። ስለዚህ የታዘዘልሽን የብረት ኪኒን ከቸኮሌትም ከቡናም ከሻይም አርቀሽ ዋጪው። ባለቤትሽን ጎሽ በይው፣ ቀጥሎ ግን ብርቱካን ይግዛልሽ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል።

ጨጓራዬ፦

እኔን ደግሞ ማታ ማታ ቸኮሌት ስበላ ቃሩ እስከ ጉሮሮዬ ይመጣል። የሽሮሜዳዋ፣ እናትሽ ማታ ከበሉ በኋላ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?

የሽሮሜዳዋ፦

ኧረ አሁን ነው ያስታወስሽኝ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ትነሳለች፣ "ደረቴን ያቃጥለኛል" ትላለች። እኛ በርበሬውን ነበር የከሰስነው።

ከመድኃኒት ቤት፦

በርበሬው ነጻ ይውጣ። ቸኮሌት የምግብ ቧንቧው ታች ያለውን በር ያላላዋል፣ ቃር ይወጣል። ካፌይንም አለው፣ ከቡና በጣም ያነሰ፤ ቴኦብሮሚን የሚባል የካፌይን ዘመድም አለበት። ለእናትሽ የማታው ይቅር። ደግሞ አምሎዲፒንም ራሱ አንዳንድ ሰው ላይ ቃር ያመጣልና ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ የሌሊቱን ንገሪው።

ውሻ ወዳድ፦

ቴኦብሮሚን ካነሳችሁ አይቀር። ይሄ ነገር ለውሻ መርዝ ነው፣ በቀልድ አይደለም። ሰው ቶሎ ያስወግደዋል፣ ውሻ አይችልም። ቸኮሌቱ በጠቆረ ቁጥር ይብሳል። የኔ ቡችላ እንግዳ ያስቀመጠውን ግማሽ ጥቁር ቸኮሌት በልቶ ሲያስመልስ፣ ሲንቀጠቀጥ አደረ፤ ልቡ በደረቱ ላይ ሲመታ በእጄ ይሰማኝ ነበር። ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ጋ ስለወሰድኩት ተረፈ። ሻንጣው ወለል ላይ ካለ አንሱት።

የሽሮሜዳዋ፦

ተመለስኩ፣ አስር ቀን አለፈ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

እማዬን ሐኪሟ ጋ ወሰድኳት። ኪኒኗን ሳታቋርጥ ሳምንት ከወሰደች በኋላ ነው፣ 142 በ86 ገባ። ገና ነው አለ፣ ግን እየወረደ ነው። ስለ ቸኮሌቱ ስነግረው አልሳቀም፣ "ስንት ሰው በሽንኩርት ይመጣብኛል" ብቻ አለ። የማታውን ቸኮሌት ካቆመች ወዲህ ሌሊት አትነሳም። በርበሬውን ይቅርታ ጠይቀነዋል።

እህቴ ጋ ታርቀናል። የነጭ ጋዋንን ጽሑፍ ካነበበች በኋላ ደወለችልኝ። መጀመሪያ ተከራከረች፣ ከዚያ "እንክብል ነው እንዴ?" አለች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ "እኔ እኮ ርቄ ምን ላድርግላት ብዬ ነው" ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። በሚቀጥለው ስትመጣ የግፊት መለኪያ ታመጣለች፣ ክንድ ላይ የሚታሰረውን።

እማዬ ግን ሙሉ በሙሉ አልተወችም። ከሰዓት ቡና ሲፈላ አንድ ቁራጭ ትበላለች፣ ከ70ው። ሐኪሙ አንድ ቁራጭ ችግር የለውም ብሏል። ለጎረቤቶቿ ታድላለች፣ "መድኃኒት አይደለም፣ ልጆቼ ተጣልተውበታል" እያለች። ባለ ጨውን እኔ ጨርሼዋለሁ።

85ቱ ግን ስምንት ድፍን ቀርቷል። አንዷ ጎረቤት ቀምሳ "ይሄ ኮሶ ነው" ብላ ተፋችው። ጊዜው አላለፈም፣ ማሸጊያው አልተነካም፣ ዞር አድርጌ አየሁት፣ አልካሊ አልተጻፈበትም። የሚፈልግ አለ?

ጌች ሳሪስ፦

እኔ! መቼ ልምጣ?

ውሻ ወዳድ፦

ጌች ውሻ አለህ?

ጌች ሳሪስ፦

የለኝም። አክስት አለችኝ።